ለሳሎን ሙዚቃ፦ ስፒከሩን ከየት፣ አምፑን ከየት? (ጥቆማ)

«ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ሳሎኗ 4 በ5 ብትሆን ነው። ለፊልም ሳይሆን ለዘፈን የሚሆን ደህና ዕቃ ፈልጌ ነበር። እህቴ ለፋሲካ ከአሜሪካ ትመጣለች። ምን ላስመጣት? ወይስ እዚሁ ልግዛ?» ላልከው ወንድማችን፦

ስፒከሩን እህትህ ታምጣልህ፣ አምፑን (ድምፁን አጉልቶ ወደ ስፒከሩ የሚልከውን ዕቃ) እዚሁ ወይም ከዱባይ ግዛ። እንዲህ የከፋፈልኩት በመብራት ምክንያት ነው። በውስጡ አምፕ የሌለው ስፒከር፣ ፓሲቭ የሚሉት፣ ሶኬት ላይ አይሰካም። ስለዚህ የተገዛበት አገር 120 ቮልት ይሁን 220 ለእሱ ለውጥ የለውም። ከአሜሪካ ሱቅ የሚገዛ አምፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ 120 ብቻ ነው የሚቀበለው። እኛ ሶኬት ላይ በቀጥታ ከተሰካ፣ ዕድል ካለህ ፊውዙ ይበጠሳል፤ ከሌለህ ጭሱን ታያለህ። ትራንስፎርመር ገዝቶ መጠቀም ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። እኔ የማልመክረው ትራንስፎርመሩ ራሱ ስለሚያጉረመርም፣ ደግሞም አንድ ቀን ቤት የሚያጸዳ ሰው ነቅሎ ሲመልስ አምፑን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ስለሚሰካው ነው። ያ ቀን አይቀርም።

ዱባይ እንደኛው 50 ኸርዝ ነው (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር)፣ ቮልቱም ከኛ ጋር ይስማማል፤ የዚያ አምፕ መጥቶ መሰካት ነው። «የጃፓን ኦርጅናል» እየተባለ ያገለገለ አምፕ የሚሸጥልህ ሰው ካለ ግን ከኋላ ያለችውን ጽሑፍ በስልክህ መብራት አንብባት። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ዕቃ 100 ቮልት ነው። ለአሜሪካ ዕቃ የተገዛው 110 የሚያወጣ ትራንስፎርመር እንኳ ለእሱ ይበዛበታል። አንዳንድ አሮጌ አምፖች ከኋላቸው የቮልት መቀየሪያ አላቸው፤ እንደዚያ ያለ ካገኘህ እሰየው።

አሁን ወደ ማጣመሩ እንምጣ። ዋጋ ስጠኝ አትበለኝ፤ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ለሳምንት አይሆንም። ከመቶ ብር ስልሳውን ለስፒከር፣ ሠላሳውን ለአምፕ፣ የቀረውን ለገመድና ለሌላው አስብ። ሰዉ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ትልቅ አምፕ ይገዛና ስፒከሩን «ለጊዜው» ብሎ ከየትም ያመጣል። ቤቱ ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ የሚወስነው ከሁሉ በላይ ስፒከሩ ነው፤ ደህና አምፕና ደህና አምፕ መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ ጆሮ አይለየውም።

ስፒከር ስትመርጥ ሁለት ቁጥር እይ። አንዱ ሴንሲቲቪቲ ነው፤ አንድ ዋት ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚጮህ ይነግርሃል። ለምሳሌ ኬፍ ኪው 150 የሚባለው ስፒከር ቁጥሩ 86 ነው፣ የኤላክ ዴቡት ቢ 6.2 ደግሞ 87። በ3 ዴሲቤል ያነሰ ስፒከር እኩል እንዲጮህ እጥፍ ዋት ይፈልጋል፤ 86ቱን ከ89 ጋር ለማስተካከል 20 ዋት የነበረው 40 ይሆናል ማለት ነው። ይህ ሊያስፈራህ አይገባም። በ4 በ5 ሳሎን፣ ጎረቤት በር ሳያንኳኳ የምትሰማው ሙዚቃ ከጥቂት ዋት አያልፍም። እውነተኛ 40 ወይም 60 ዋት ያለው አምፕ ከበቂ በላይ ነው።

«እውነተኛ» ያልኩት ወድጄ አይደለም። ካርቶኑ ላይ «3000 ዋት» የሚል ዕቃ ስታይ አዙረህ ከኋላ መብራት የሚወስደውን አንብብ። «60 ዋት» ሊል ይችላል። ስልሳ ዋት ከግድግዳ የሚወስድ ዕቃ ሦስት ሺህ አያወጣም። ፒኤምፒኦ የሚለውን (ለማስታወቂያ የሚጋነነውን ቁጥር) ዝለለው፣ አርኤምኤስ የሚለውን (ሳያቋርጥ የሚያወጣውን) ብቻ ያዝ።

ሁለተኛው ቁጥር ኦም ነው፤ ስፒከሩ ከአምፑ የሚመጣውን መብራት ምን ያህል እንደሚገታ ይነግርሃል። 8 እና 6 ለብዙው አምፕ ምቹ ናቸው። 4 ኦም ስፒከር ከሆነ አምፑ 4 እችላለሁ ማለቱን ከኋላው፣ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ አረጋግጥ። ካልቻለ ይግላል፣ ድምፁን ከፍ ስታደርግም ራሱን ያጠፋል።

ለአንተ ሳሎን የኔ ምርጫ ኤላክ ቢ 6.2 ወይም ኬፍ ኪው 150፣ ከያማሃ ኤ-ኤስ 301 አምፕ ጋር። ያማሃው ለእያንዳንዱ ስፒከር 60 ዋት አለው፣ ከቴሌቪዥን በኦፕቲካል (በብርሃን ገመድ) ይቀበላል፣ ሸክላ ማጫወቻ የሚሰካበትም አለው። ዴኖን ፒኤምኤ 600 ብታገኝም አትለፈው፤ እሱ ብሉቱዝ ጨምሮበታል። ኤላኩ አንዱ ስፒከር ከሰባት ኪሎ ትንሽ ያልፋል፤ ጥንዱ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ከነልብሱ ይገባል። እህትህ ደረሰኙን ትያዝ፣ ጉምሩክ ላይ ከጠየቋት ይጠቅማታል።

ክሊፕሽ የሚባለውን ስፒከር ብዙ ሰው ያወድሳል፤ በትንሽ ዋት በጣም ይጮሃል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ላይኛው ድምፁ ስል ነው። ብሎኬት ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለልና ሰፊ መስታወት ባለው ሳሎን ውስጥ፣ ያውም ከካሴት ተገልብጠው ቴሌግራም ላይ የተለቀቁ የድሮ ዘፈኖች የምትሰማ ከሆነ፣ «ስ» እና «ሽ» ጆሮህን ይቆርጡታል። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ያለው ቤት ቢሆን ሐሳቤን እቀይር ነበር። ምንጣፍ ካነሳን አይቀር፣ ለሳሎኑ ድምፅ ከሁሉም በርካሽ ዋጋ የሚገኘው መፍትሔ እሱ ነው። ሁለቱ ስፒከሮችና ሶፋህ መካከል ባለው ባዶ ሴራሚክ ላይ አንጥፈው፣ ከዚያ ስማ።

ደግሞ ስፒከሩን ቡፌ ላይ እንዳታስቀምጠው። ቤዙ ሲመታ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች አብረው ይዘምራሉ፣ መስታወቱ በር ይንቀጠቀጣል፣ አንተ ደግሞ ስፒከሩ ተበላሽቷል ብለህ ጠጋኝ ትፈልጋለህ። እንጨት ቤት ሁለት መቆሚያ አሠራ፤ ስትቀመጥ ጆሮህ ባለበት ከፍታ ይሁን። ጀርባው ላይ ቀዳዳ ካለው ከግድግዳው አንድ ሁለት ክንድ አርቀው፤ ጥግ ውስጥ ከከተትከው ቤዙ ያብጣል።

ሱቅ ላይ ስትሞክር ሻጩ የሚከፍትልህን አትስማ፤ ሁሉም ሱቅ ስፒከሩን የሚያሳምር የራሱ ዘፈን አለው። በገና ክፈትበት። አውታሮቹ ከበርኩማው ጋር በሚገናኙበት የሚገቡት እንዚራዎች፣ እነዚያ ትንንሽ ቆዳዎች፣ ናቸው ያንን ንዝረት የሚፈጥሩት። ደህና ስፒከር ላይ ወፍራሙ አውታርና ንዝረቱ ለየብቻ ይሰማሉ፣ የደርዳሪውም ድምፅ ከላያቸው ይቀመጣል። ደካማ ስፒከር ላይ ሦስቱም ተቀላቅለው ጉምጉምታ ይሆናሉ። በርቀት ያለ ጎርናና ድምፅ ከመሰለህ ተወው። ከዚያ ማሲንቆ፤ እሱ ላይ በቤዝና በቀጭኑ ድምፅ መካከል ያለውን ድምፅ ጥራት ታውቃለህ።

የት ይገዛ? መርካቶ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ግን ሚዛኑ ወደ ሰርግና ወደ ሆም ቴአትር ያደላል። ባለ 15 ኢንች ስፒከር ለ4 በ5 ሳሎን የሚሸጥልህ ሰው አይጠፋም፤ ክፋት የለውም፣ የሚሸጠው እሱን ነው። ለስፒከር ገመድ፣ ለመሰኪያና ለአዳፕተር ግን ከመርካቶ ሌላ አትሂድ። ቦሌ አካባቢ ያሉት ሱቆች ካርቶኑ ያልተከፈተ ዕቃና የጽሑፍ ዋስትና የማግኘት ዕድልህን ያሰፉልሃል፤ ዋጋው ላይ ይጨመራል። እኔ ራሴ በጣም የምወደው ጨርሰው ከአገር የሚወጡ የውጭ ዜጎች የሚሸጡትን ነው። ቤታቸው ሄደህ፣ እየሠራ ሰምተህ ትገዛለህ፤ የአውሮፓ ዕቃ ከሆነ ቮልቱም ልክ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚሸጠውን ያገለገለ ዕቃ በፎቶ ብቻ ቀብድ አትክፈልበት።

ለእህታችን፣ «ይህን ሁሉ አልችልም፣ ስልኬን በብሉቱዝ የማገናኘው ትንሽ ነገር ብቻ ጠቁሙኝ» ላልሽው፦ ኤዲፋየር አር 1280 ዲቢ። አምፑ በውስጡ ነው፣ 42 ዋት ነው፣ ብሉቱዝም ኦፕቲካልም አለው። እዚህ ላይ ግን ደንቡ ይገለበጣል። አምፕ በውስጡ ያለው ስፒከር ሶኬት ላይ ስለሚሰካ ከአሜሪካ አታስመጪው፤ ባለ 220ውን እዚሁ ፈልጊ። በዚያው ገንዘብ ሳውንድ ባር (ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር) ልግዛ ወይ ላልሽው፣ ለዜናና ለድራማ አዎ፣ ለዘፈን አይ። ግራና ቀኙ ተራርቆ ካልተቀመጠ ክራሩ ከየት፣ ድምፃዊው ከየት እንደሆነ አይለይም።

የ45 ሸክላዎች (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ) አሉኝ፣ ልጄ ሪያድ ነው፣ ማጫወቻ ይላክልኝ ወይ ላሉት አባታችን፦ ይጠንቀቁ፣ ሳዑዲ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚወስድ አሮጌ ማጫወቻ ከ60 ኸርዝ አገር መጥቶ እኛ ጋ ሲሰካ ከስድስት አንድ እጅ ይዘገያል፤ ድምፃዊው እንቅልፍ የጣለው ይመስላል። አዳፕተር ያለውና በዲሲ ሞተር (እንደ ባትሪ ባለ፣ በማይመላለስ መብራት) የሚዞር ከሆነ ይህ ችግር የለበትም። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ 60 ኤክስ ለመነሻ በቂ ነው፤ መርፌውን ራሱ አውርዶ ራሱ ያነሳል፣ ፕሪአምፑም (የመርፌውን ደካማ ድምፅ ቀድሞ የሚያጎላው) በውስጡ ስላለ ከማንኛውም አምፕ ጋር ይሠራል። ያ የሻንጣ ቅርጽ ያለው፣ ስፒከሩ በውስጡ የሆነ ማጫወቻ ግን እርስዎ ቤት አይግባ። መርፌው 5 ግራምና ከዚያ በላይ ሊጫን ይችላል፤ ደህናው ማጫወቻ ከ2 እስከ 3 ግራም ገደማ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ከመሠረተ በኋላ ከወጡት 45ቶች እጅዎ ላይ ካለ፣ ዛሬ ሰብሳቢ ከባሕር ማዶ የሚፈልገው ዕቃ ነው፤ ለሚቧጭር መርፌ አይሰጥም።

ያገለገለ አምፕ ልትገዙ ከሆነ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። አምፑ በርቶ፣ ስፒከር ሳይገናኝበት፣ ድምፁ ዜሮ ላይ ሆኖ ስፒከር መሰኪያው ላይ ዲሲ ለኩ። እስከ 50 ሚሊቮልት ድረስ ደህና ነው፤ በሚሊቮልት ሳይሆን በሙሉ ቮልት የሚቆጠር ካነበባችሁ ስፒከራችሁን ይበላዋል። የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ቢንጫጫ አትደንግጡ፣ ብዙ ጊዜ በማጽጃ ስፕሬይ ይስተካከላል። የተቃጠለ ትራንዚስተር ከተቀየረለት ግን ጠጋኙን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት፤ 5200 እና 1943 የሚባሉት የቶሺባ ጥንዶች በዓለም ገበያ ፎርጅዳቸው የበዛ ነው። አሮጌ ስፒከር ላይ ደግሞ ሸራውን አውልቃችሁ በኮኑ (በሚንቀጠቀጠው ክፍል) ዙሪያ ያለውን ስፖንጅ በጣት ነካ አድርጉት። እንደ አመድ ከተፈረፈረ ዋጋ ቀንሱ ወይ ተዉት፤ ጎማ ከሆነ ዕድሜ አለው።

አምፑ ላይ ዳንቴል የምታለብሱ፣ እባካችሁ አንሱት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃ እንደ ባሕር ዳርቻ ከተማ አይቀዘቅዝም። ብዙ ኤሌክትሮኒክስ የተሠራው እስከ 2,000 ሜትር ታስቦ ነው። ከላዩ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ተዉለት፣ የቡፌ በርም አትዝጉበት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ንቀሉት፤ አደጋው ያለው ሲመለስ ነው። ስታብላይዘር መብራቱ ለሚወርድና ለሚወጣ ሰፈር ይጠቅማል፣ ድምፅ ግን አያሳምርም፤ ያሳምራል ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ስለ ገመድ የጠየቃችሁ በዝታችኋል። የመብራት ዕቃ ሱቅ ገብታችሁ ባለ ብዙ ክር 2.5 ካሬ ገመድ በሜትር አስቆርጡ፤ ለሳሎን ሌላ አያስፈልግም። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፦ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ መልሱት። ስታገናኙ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር፣ በሁለቱም በኩል። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ድምፃዊውም ከመሐል ይሸሻል። «አዲሱ ስፒከሬ ቤዝ የለውም» ያላችሁኝ ሁለታችሁ፣ መጀመሪያ ይህን አይታችሁ ጻፉልኝ።