ሱሉልታ ላይ ባለ 24 ክፍል ሆቴል እየሠራን ነው፤ የውስጡን ሥራ ከምን እንጀምር?

ጠያቂ፦ የሱሉልታው

ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ፣ ከጎጃም መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከምድር በላይ ሦስት ፎቅ ያለው ሆቴል ከሁለት ወንድሞቼ ጋር እያስገነባሁ ነው። የሁሉም ወለል ሶሌታ ተሞልቷል፤ የብሎኬት ሥራው ግን ገና አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ላይ 24 መኝታ ክፍሎች፣ ምድር ላይ ምግብ ቤት፣ ወጥ ቤትና አነስተኛ አዳራሽ ይኖሩታል።

የውስጥ ዲዛይኑን የያዘልን ባለሙያ ያመጣው ሥዕል እንግዳ መቀበያውን በሙሉ እብነ በረድ አልብሶ፣ ከኮርኒሱ ትልቅ የመስታወት መብራት አንጠልጥሎ ያሳያል። ወንድሞቼ በጣም ወደዱት። ማማሩን እኔም አልክድም፤ ነገር ግን ዋጋውን ስደምረው ለመኝታ ክፍሎቹ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የምንጠብቃቸው እንግዶች ለልምምድ የሚመጡ ሯጮች፣ ቅዳሜና እሑድ ከከተማ የሚወጡ ቤተሰቦችና የሠርግ እንግዶች ናቸው። ብሎኬቱ ሳያልቅ የግድ መወሰን ያለበት ምንድን ነው?

መላሽ፦ አስጎብኚው

እንግዳ ይዤ ስገባ መጀመሪያ የሚታየው እንግዳ መቀበያው ነውና አታቃልሉት። እብነ በረድ ግን ግዴታ አይደለም። ፒያሳ ያለው የጣይቱ ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እንግዶቼ እዚያ ሲገቡ ዓይናቸው የሚያርፈው በእንጨት ደረጃው ላይ ነው። ደግሞም የሱሉልታ መሬት መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው ከጫማ አይላቀቅም። በተወለወለ ድንጋይ ላይ እርጥብ ጫማ ያንሸራትታል። ከበሩ ውጭ ጣሪያ ያለው የጫማ ማጠቢያ ቧንቧ፣ ከበሩ ውስጥ ጥቂት እርምጃ የሚያስኬድ ሻካራ ምንጣፍ ይኑር። ሯጮቹም ጫማቸውን የሚያደርቁበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

መላሽ፦ የመኝታ ክፍሎች ኃላፊ

ወንድሜ፣ እኔ አርክቴክት አይደለሁም። በቦሌም በለገጣፎም ሆቴሎች ሠርቻለሁ፤ ከጽዳት ሠራተኝነት ተነሥቼ ነው የመኝታ ክፍሎች ኃላፊ የሆንኩት። ሕንፃ ሲታቀድ የተረሳ ነገር ሁሉ ሲከፈት በእኛ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ በዝርዝር ልጻፍልዎ።

ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉና አንድ የቆሸሸ አንሶላ ከሦስተኛ ፎቅ የመጨረሻ ክፍል ተነሥቶ የሚሄድበትን መንገድ በእርሳስ ይከተሉ። በየትኛው ደረጃ ይወርዳል? የት ይታጠባል? ሐምሌና ነሐሴ ላይ የት ይደርቃል? ተተኩሶ የት ይቀመጣል? እርሳሱ በእንግዳ መቀበያው ወይም በምግብ ቤቱ በር ካለፈ ፕላኑ ገና አላለቀም። ከሠራሁባቸው ሆቴሎች በአንዱ የትናንቱን አንሶላ ተሸክመን ቁርስ በሚበሉ ሰዎች መካከል እናልፍ ነበር። እንግዳው ፊቱን ሲያዞር እኛ ነበርን የምናፍረው፤ ሕንፃው ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ለእያንዳንዱ አልጋ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል፦ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ። በክረምት አልደርቅ ስለሚል አራተኛ ይጨምሩ፤ አለዚያም ማድረቂያ ማሽን ይግዙ። ይህ ሁሉ ጨርቅ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ በየፎቁ አንድ አነስተኛ የዕቃ ክፍል ይተዉ፤ ጥልቅ ማጠቢያ ገንዳ፣ ቧንቧና የወለል ማፍሰሻ ይኑረው። ይህን የሚቆጥብ ባለቤት መጥረጊያና ባልዲ በኮሪደሩ ጥግ ተደርድሮ ያያል። ሠራተኞቹም ልብስ የሚቀይሩበትና ምሳ የሚበሉበት ክፍል ይገባቸዋል፤ ደረጃ ሥር ተቀምጦ የበላ ሰው ፈገግ ብሎ እንግዳ እንዲቀበል መጠበቅ አግባብ አይደለም።

አሁን ወደ ብርዱ ልምጣ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ እንዳለው እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በእነዚህ ወራት ፀሐይ ቀትር ላይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ ወደ ሰሜን የምትሻገረው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ አብዛኛው ደመና ነው። ስለዚህ በተቻለ መጠን መኝታ ክፍሎቹን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ፣ የዕቃ ክፍሉን ወደ ሰሜን ያድርጉ። የላይኞቹ ፎቆች ብሎኬት ገና ስላልተደረደረ ይህ ዛሬ ብዙ ዋጋ አያስከፍልዎትም። የአሉሚኒየም መስኮቶቹ ጎማቸው በደንብ የሚገጥም፣ መጋረጃው ገበር ያለውና እስከ ወለል የሚደርስ ይሁን። መኝታ ክፍል ላይ ባዶ ሴራሚክ እግር ያቀዘቅዛል፤ ቢያንስ አልጋው አጠገብ የሚታጠብ ምንጣፍ ይኑር። አጥብቄ የምለምንዎ አንድ ነገር አለ፦ ክፍሉ በረደ ተብሎ የከሰል ማንደጃ ለእንግዳ አይግባ። የከሰል መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ይገድላል። ክፍሉ ከመጀመሪያው ሙቀት እንዲይዝ ሆኖ ከተሠራ ማንደጃ የሚጠይቅ እንግዳ አይኖርም።

የክፍሉን ስፋት በተመለከተ፣ አልጋ 2 ሜትር ይረዝማል፤ ከፊቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ጠረጴዛ ካለና መካከል ላይ 90 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ካስቀሩ ከልስን እስከ ልስን 3.40 ሜትር ይሆናል። ከዚህ ከጠበበ እንግዳው ሻንጣውን ከፍቶ መራመድ አይችልም። በአልጋው በሁለቱም ጎን ለምታነጥፈው ሴት ማለፊያ ይተዉላት። አልጋ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ በየቀኑ መጎተት አለበት፤ ወገብ የሚጎዳው በዚህ ነው።

ሯጮች በማለዳ ሮጠው ቀን ይተኛሉ። እናም ጸጥታ ማታ ብቻ የሚያስፈልግ አይምሰልዎ። በክፍሎች መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት፣ በሁለቱም ወገን የተለሰነ፣ እስከ ላይኛው ሶሌታ የሚደርስ ይሁን። ብዙ ቦታ ግንቡ ኮርኒሱ ጋ ይቆማል፤ ድምፁም በኮርኒሱ በላይ ከክፍል ወደ ክፍል ይሻገራል። መታጠቢያ ቤቶችን ጀርባ ለጀርባ ያድርጉና የቧንቧ መውረጃው በር ወደ ኮሪደሩ ይከፈት፤ ቧንቧ ሠራተኛ የተኛ እንግዳ መቀስቀስ የለበትም። አዳራሹ ከመኝታ ክፍሎቹ በተቻለ መጠን ይራቅ፤ የሠርግ ዘፈን በአንድ በር አይቆምም።

ለእብነ በረዱ ከታሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ለምግብ ቤቱ የእጅ መታጠቢያ ያውሉት። እንጀራ የሚበላ ሰው ሁሉ ይታጠባል፤ ገንዳው ሰፊ፣ ለዓይን ግልጥ፣ ከመጸዳጃ ቤቱም የተለየ ይሁን። የቡናው ቦታ መስኮት አጠገብ ይሁን፣ የጢስ መውጫም ይሠራለት፤ ከዕጣኑና ከከሰሉ ጋር የጢስ ጠቋሚ ደወል ልክ በላዩ አይተከል፤ በጮኸ ቁጥር ሠራተኛው ይነቅለዋል።

መላሽ፦ ኤሌክትሪሺያን ከቡራዩ

እኅታችን ባለችው ላይ ልጨምር። የማብሪያና የሶኬት ሣጥኖችን በአንድ ግንብ በሁለቱ ወገን ፊት ለፊት አታስቀምጡ፤ ድምፅ በዚያ ቀዳዳ ያልፋል፤ ፈቀቅ አድርጓቸው። ዋናውን መብራት እንግዳው ተኝቶ የሚያጠፋበት ማብሪያ፣ በአልጋው በሁለቱም ጎን ሶኬት፣ ሁሉም ከልስን በፊት ይቀበር። የመኝታ ክፍል አምፖል ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ቢሆን ሞቅ ያለ ብርሃን ይሰጣል፤ ነጩን ለወጥ ቤት ተዉት።

የናፍጣ ጄኔሬተር በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ኃይሉ ይቀንሳል። ሻጩን በእናንተ ከፍታ ስንት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ጠይቁት። የኤሌክትሪክ ምጣዶቹንም ከጭነቱ ጋር ደምሩ፤ ጥቂት ምጣዶች አንድ ላይ ሲለኮሱ ከብዙ ክፍል መብራት የበለጠ ይወስዳሉ።

ጠያቂ፦ የሱሉልታው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፕላኑን አሁን አየሁት፦ ኮሪደሩ 1.20 ሜትር ነው፤ በየፎቁ የዕቃ ክፍል የሚባል የለም። ቦይለሩ ደግሞ አንድ ትልቅ ሆኖ ምድር ቤት ታስቧል። ወንድሞቼን በቃል ማሳመን ከባድ ነው። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የመኝታ ክፍሎች ኃላፊ

ኮሪደሩን 1.50 ያድርሱት። የእኛ ጋሪ ቆሞ እያለ ሻንጣ የያዘ ሰው ማለፍ አለበት፤ እሳት ቢነሣ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሮጠው በዚያው ነው። ለዕቃ ክፍሉ በየፎቁ ከደረጃው አጠገብ ያለውን ጨለማ ጥግ ይውሰዱ፤ የሚሸጥ ክፍል አያጡም።

ስለ ቦይለሩ፣ ውስጡ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ 20 ሜትር ቧንቧ ከ6 ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። ሌሊቱን የቀዘቀዘው ያ ውሃ ፈስሶ እስኪያልቅ ማለዳ የሚነሣው ሯጭ ራቁቱን ይጠብቃል፤ በፈረቃ የምታገኙት ውሃም በከንቱ ይፈሳል። በየፎቁ አነስተኛ ቦይለር ይሻላል።

ወንድሞችዎን ደግሞ ክርክር አያሳምናቸውም። አንድ ክፍል፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለውን፣ እስከ መጋረጃውና እስከ ፎጣ መስቀያው ጨርሱት። በኅዳር አንድ ሌሊት ሦስታችሁም በየተራ እደሩበት። ንጋት ላይ ሙቅ ውሃ ይክፈቱ፤ ጎን ካለው ባዶ ክፍል ሰው እያወራ ያዳምጡ፤ መብራቱን ሳይነሡ ያጥፉ፤ ሻወሩ ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ደፍተው ወደ ማፍሰሻው ይሂድ ወይም ወደ በሩ ይመለስ እንደሆነ ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ ሴራሚኩን ለቀሩት ክፍሎች ይዘዙ።

የሁለተኛውን ፎቅ ፕላን ፎቶ አንሥተው እዚህ ከለጠፉልን የዕቃ ክፍሉን ቦታ አብረን እናየዋለን።