ኤክስኤስኤልቲ፦ አትሪቡት የሌላቸው ኤለመንቶች ከውጤቱ ለምን ይቀራሉ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአንድ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ከኤክስኤምኤል ወደ ኤችቲኤምኤል በኤክስኤስኤልቲ 1.0 (የኤክስኤምኤል ሰነድን ወደ ሌላ ቅርጽ በሚቀይር ቋንቋ) እየቀየርኩ ነው። ያልተዋሱትን መጻሕፍት ብቻ ለማውጣት በኢፍ (መስፈርት በሚፈትሽ ትእዛዝ) ውስጥ @ሁኔታ != 'በውሰት' (ከ«በውሰት» የተለየ) ብዬ ጻፍኩ። እሴቱ 'በመደርደሪያ' የሆነው ሁሉ ይወጣል፤ «ሁኔታ» የሚለው አትሪቡት (በኤለመንቱ መክፈቻ ላይ ስምና እሴት ሆኖ የሚጻፈው፣ በ@ የሚጠራው) ጨርሶ ያልተጻፈባቸው ግን አይወጡም፤ የስህተት መልእክትም አይታይም። ምክንያቱን የሚያስረዳኝ አለ?

የመጀመሪያ መልስ፦
በኤክስፓዝ 1.0 (ኤክስኤስኤልቲ የሰነዱን ክፍሎች በሚመርጥበት ቋንቋ) @ሁኔታ የኖዶች፣ ማለትም የሰነዱ ክፍሎች፣ ስብስብ ነው፤ ንጽጽሩም እውነት የሚሆነው ከስብስቡ ውስጥ መስፈርቱን የሚያሟላ ቢያንስ አንድ ኖድ ሲገኝ ብቻ ነው። አትሪቡቱ ከሌለ ስብስቡ ባዶ ስለሆነ በ= ቢጠይቁትም በ!= ቢጠይቁትም መልሱ ሐሰት ነው። ስለዚህ ኖት(@ሁኔታ = 'በውሰት') ብለው ይጻፉት፤ ኖት ሐሰቱን ወደ እውነት ይገለብጠዋል፤ የፈንክሽኑ ስም በፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል ይሆናል። ነጠላ ጥቅሱንም አይርሱ፤ ያለ እሱ በውሰት የሚለው ቃል የልጅ ኤለመንት ስም ሆኖ ይነበባል።

ሁለተኛ መልስ፦
እኔ ኢፉን ትቼ በቴምፕሌቱ (ከአንድ ኤለመንት ምን እንደሚወጣ በሚወስነው ደንብ) ማች ላይ፣ ማለትም ደንቡ ለየትኛው ኤለመንት እንደሚሠራ በሚገልጸው ቦታ፣ ብለየው እመርጣለሁ። አንዱን ቴምፕሌት መጽሐፍ[@ሁኔታ = 'በውሰት'] ብለው ባዶ ይተዉት፤ ሌላውን መጽሐፍ ብቻ ይበሉት። ቅንፍ ያለው ቅድሚያው 0.5፣ የሌለው 0 ስለሆነ የአጻጻፍ ቅደም ተከተላቸው ምንም ይሁን ምን የመጀመሪያው ያሸንፋል። ቅንፍ ያላቸው ሁለት ቴምፕሌቶች ለአንድ መጽሐፍ የሚስማሙ ከሆነ ግን እኩል ስለሚሆኑ ፕራዮሪቲውን (ቅድሚያውን) ራስዎ ይወስኑ።

ጠያቂው፦
እጅግ አመሰግናለሁ፣ ኖት ሠርቷል። አሁን @ዘርፍ = 'ሃይማኖት' ስል ጥቂት መጻሕፍት ይጎድሉብኛል፤ አትሪቡቱ ግን በሁሉም ላይ አለ።

ሦስተኛ መልስ፦
መዝጋቢዎቹ «ሀይማኖት» ወይም «ሐይማኖት» ብለው ጽፈው እንደሆነ ይመልከቱ። ለአንባቢ ድምፃቸው አንድ ቢሆንም በዩኒኮድ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ኤክስፓዝ ደግሞ የሚያነጻጽረው ፊደል በፊደል ነው። ትራንስሌት(@ዘርፍ, 'ሀሐሓኀኃ', 'ሃሃሃሃሃ') = 'ሃይማኖት' ቢሉ ትራንስሌት እነዚያን ፊደላት ወደ ሃ ስለሚለውጣቸው ሁሉም ይገኛሉ። ይህ ግን ማስታገሻ ነው፤ መዝገቡን ራሱን ወደ አንድ አጻጻፍ ማምጣት ይሻላል። በቃሉ ጫፍ የቀረ ባዶ ቦታ ካለም ኖርማላይዝ-ስፔስ የሚባለው ፈንክሽን ያስወግደዋል።

የመጀመሪያው መላሽ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የኤለመንትና የአትሪቡት ስም በግእዝ ፊደል መጻፍ በኤክስኤምኤል 1.0 የተፈቀደው በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛ እትም ነው፤ እሴቶቹ ግን ከመጀመሪያውም አልተከለከሉም። ፋይሉን የቆየ ፓርሰር (ኤክስኤምኤል የሚያነብ ፕሮግራም) ላለው ሰው የሚልኩ ከሆነ አስቀድመው ይሞክሩት።