የምዕራፍ 4 ርዕስ ለብቻው ሄደ፤ ጽሑፉን እንዴት ላግኘው?

ተመራቂዋ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን ነገ ጠዋት ለአማካሪዬ ማስረከብ አለብኝ። ምዕራፍ 4ን ከምዕራፍ 3 ለማስቀደም በወርድ አውትላይን ቪው (ርዕሶችን በየደረጃቸው በሚያሳየው እይታ) ርዕሱን በቀስቱ ወደ ላይ ሳወጣው ርዕሱ ብቻ ሄደ፤ ከሥሩ የነበረውን 31 ገጽ ፕሮግራሙ አጠፋብኝ። እባካችሁ ቶሎ እርዱኝ።

የ4 ኪሎው፦ የሠሩትን ወደ ኋላ የሚመልሰውን ኮንትሮል ዜድን ደጋግመው ይጫኑ።

አንባቢ፦ ምዕራፍ 4 የጥናቱ ግኝት ከሆነ ከጥናት ዘዴው መቅደም የለበትም። ከማዘዋወርዎ በፊት አማካሪዎን ጠይቀዋል?

የመዛግብት ሠራተኛ፦ ፕሮግራሙ አጠፋብኝ የሚለውን አልቀበልም። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ተመራማሪ ዳግላስ ኢንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ የአስቤዛ ዝርዝር በኮምፒውተር ጽፎ፣ ሙዙንና ካሮቱን በየወገኑ መድቦ፣ ዝርዝሩን ሲሰበስብና ሲዘረጋ ለታዳሚው ካሳየ ጀምሮ፣ የአውትላይን አሠራር መሠረቱ ንዑስ ሐሳብ በርዕሱ ሥር መኖሩ ነው። ፕሮግራም ሠሪው ዴቭ ዋይነር እ.ኤ.አ. በ1983 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ያወጣው ቲንክታንክ የተባለው የአውትላይን ፕሮግራምም ከሥሩ ሌላ ሐሳብ ባለው ርዕስ ፊት የመደመር ምልክት ያስቀምጥ ነበር። ይኸው ምልክት ዛሬም በወርድ ውስጥ ከርዕስዎ በስተግራ ይታያል፤ እርስዎ ግን ምልክቱን ትተው የርዕሱን መስመር ብቻ ይዘው ሄደዋል።

ሐዋሳ፦ እኔም ኮንትሮል ዜድ እላለሁ።

የቢሮ ጸሐፊ፦ ፋይሉን ዘግተው ከከፈቱት ኮንትሮል ዜድ አይሠራም፤ ክፍት ስለመሆኑ አልነገሩንም። ያም ሆኖ ጽሑፉ አልጠፋም። ከሥሩ ያለው ተዘርግቶ ሳለ ጠቋሚው ርዕሱ ላይ ብቻ ሆኖ ቀስቱ ከተጫነ ርዕሱ ለብቻው ይወጣል፤ ስለዚህ 31ዱን ገጽ በምዕራፍ 3 መጨረሻ ላይ ተቀጥሎ ያገኙታል። መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ያስቀምጡ። ቀጥሎ ርዕሱን በታች ቀስት አውርደው በጽሑፉ አናት ላይ ይመልሱት፤ የመደመር ምልክቱን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው ከሥሩ ያለውን ይሰብስቡ፤ ከዚያ በኋላ ምልክቱን ይዘው ወደ ላይ ይጎትቱት፤ ጽሑፉ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። እኔ የዓመታዊ ሪፖርት ክፍሎችን የማዘዋውረው በዚሁ መንገድ ነው።

የመዛግብት ሠራተኛ፦ ትክክል ነው። እህቴ፣ ከመስኮቱ ግርጌ የሚታየውን የቃላት ብዛት ቀድሞ ከነበረዎት ቅጂ ጋር ያስተያዩት፤ እኩል ከሆነ አንድም ቃል አልጎደለም።

አንባቢ፦ ምዕራፍ 4 ስለ ምን እንደሆነ ግን አሁንም አልነገሩንም።