ወንድሜ ለ12 ቀን ይመጣል፤ በእኔ ካርድ ብስክሌት ልከራይለት?

የደሴ ልጅ (ዩትሬክት)

የተከበራችሁ የማህበረሰባችን አባላት፣ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ታናሽ ወንድሜ የሸንገን ቪዛ ተሰጥቶት በሚቀጥለው ሐሙስ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ የሚቆየውም 12 ቀን ነው። ባሕር ዳር ሲማር አምስት ዓመት ሙሉ ከብስክሌት ያልወረደ ልጅ ስለሆነ፣ ገና ትኬቱን ሳይቆርጥ «ከተማሽን በአውቶቡስ አታሳዪኝ፤ በብስክሌት ነው የማየው» ብሎ ቃል አስገብቶኛል። እኔ ግን ደሴ ዳገት ላይ ያደግሁ በመሆኔ ብስክሌት መንዳት የተማርኩት እዚህ ኔዘርላንድ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ለስደተኛ ሴቶች በሚሰጥ የሰፈር ትምህርት ነው፤ ዛሬም ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ ካለችው መንገድ ብዙም አልርቅም።

ጭንቀቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ባቡር ጣቢያ ያለውን የኪራይ ብስክሌት ለመውሰድ በስም የወጣ የትራንስፖርት ካርድ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ እዚህ አድራሻም የባንክ ሂሳብም የለውም። በእኔ ካርድ ሁለት ብስክሌት መውሰድ ይፈቀድልኛል? ሁለተኛውና እንቅልፍ የነሳኝ ግን፣ እግዚአብሔር አይበለውና ሰው ቢገጭ ወይም ብስክሌቱ ቢሰረቅ ዕዳው የማን ነው? የመኖሪያ ፈቃዴን የማሳድስበት ጊዜ ተቃርቧልና በስሜ ክስም ሆነ ያልተከፈለ ሂሳብ እንዲኖር አልፈልግም። የምታውቁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ነባር ነዋሪ (ሮተርዳም)

እህታችን፣ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው። ኦፌ ፊትስ የሚባለው የባቡር ጣቢያ ብስክሌት በአንድ ካርድ በአንድ ጊዜ እስከ ሁለት ድረስ ይሰጣል፤ አንዱን አንቺ፣ ሌላውን እሱ ይይዛል ማለት ነው። አስቀድመሽ ካርድሽ ላይ አገልግሎቱን ማስከፈት አለብሽ፤ ለምዝገባው ክፍያ የለውም። ኪራዩ ለ24 ሰዓት ከ4 ዩሮ ጥቂት ከፍ ይላል። ከ72 ሰዓት በላይ ከያዝሽው በየቀኑ ጭማሪ ይመጣል፤ ካነሳሽበት ጣቢያ ውጪ ብትመልሺውም እንዲሁ ተጨማሪ ትከፍያለሽ። ስለዚህ በየሦስት ቀኑ ውስጥ መልሳችሁ እንደገና ውሰዱ። ፀሐይ በወጣ ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ስለሚያልቅ ከቤት ሳትወጡ የቀረውን ቁጥር በስልክ ተመልከቱ።

ስለ ዕዳው የማውቀውን ልንገርሽ። ብስክሌቱ ቢጠፋ ተጠያቂው ስሙ በካርዱ ላይ ያለው ሰው ነው፤ በዚህ አትጠራጠሪ። አደጋን በተመለከተ ግን የዚህ አገር ሕግ እንዲህ ነው። የመንገድ ትራፊክ ሕጉ አንቀጽ 185 ባለ ሞተር ተሽከርካሪ እግረኛን ወይም ብስክሌተኛን ሲገጭ ኃላፊነቱን በመሠረቱ በባለ ሞተሩ ላይ ይጥላል። የተጎዳው ልጅ ከ14 ዓመት በታች ከሆነ የልጁ ጥፋት ለካሣ ክርክር አይቀርብም ለማለት ይቻላል፤ አዋቂም ቢያጠፋ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ግማሹን ካሣ ያገኛል። ይህ ከለላ ግን ወንድምሽ ራሱ እግረኛ ወይም ሌላ ብስክሌተኛ ቢገጭ አይሠራም፤ ያን ጊዜ ያጠፋው ይከፍላል።

ሕጉ ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነም ልጁ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 በዚህች ትንሽ አገር 3,300 ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል፤ ከእነዚህም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ፤ በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጥቶ እሑድ እሑድ መኪና ሲታገድ ደግሞ ሕዝቡ ባዶ መንገድ ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ። ዛሬ የምንነዳበት ቀይ አስፋልት ያለው የብስክሌት መንገድ ከዚያ ቁጣ የመጣ ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ብላ መኪና የማይገባበት እሑድ ስታዘጋጅ ይህን ታሪክ ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

ጣና ዳር (ዴን ሃግ)

እህቴ፣ ባሕር ዳር ያሳደገችው ብስክሌተኛ ሲመጣ መስማቴ ልቤን ነክቶታል። እኔም እዚያው ነው ያደግሁት። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከሰፈራችን ጥግ ላይ ሳይክል የሚያከራይ ሰው ነበር፤ ሳንቲም ያጠራቀመ ልጅ ሁለት ዙር ይነዳል፣ ያላጠራቀመው ከኋላ እየሮጠ ይገፋል፣ የግፊያው ዋጋም አንድ ዙር ነበር። ሰዎች የጋራ ብስክሌትን ፈረንጅ የፈጠረው አዲስ ነገር አድርገው ሲያወሩ፣ ያ ሰው በቾክ መሬት ላይ ያሰመረው የመነሻ መስመር ትዝ ይለኛል።

ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ ወንድምሽን የሚጎዳው መንገዱ አይደለም፤ ፍሬኑ ነው። እኛ የለመድነው የእጅ ፍሬን ነው። በጣቢያው ብስክሌት ላይ ግን ዋናው ፍሬን በፔዳል ነው፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጪው የኋላው ጎማ ይያዛል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ከመብራት ስደርስ እንደ ልማዴ እግሬን ለማስተካከል ፔዳሉን ወደ ኋላ አዞርኩት፤ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ቆመና ደረቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ፤ ከኋላዬ ሕፃን ከፊት አስቀምጣ ትመጣ የነበረች እናት በአንድ ክንድ ርቀት አለፈችኝ። ዛሬም ያ ክንድ ርቀት ይታየኛል። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ሰፊና ጸጥ ያለ ቦታ ወስደሽ ሃያ ጊዜ አስቁሚው። ኮርቻውንም በቁመቱ ልክ አስተካክሉ፤ ቁጭ ብሎ የሁለቱ እግሮቹ ጣቶች መሬት መንካት አለባቸው።

ሌላው እኛ ያልለመድነው ምልክት በመገናኛ መንገድ ላይ የተሳሉት ነጭ ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። ሹላቸው ወደ አንቺ ከዞረ ቅድሚያ የምትሰጪው አንቺ ነሽ። ምንም ምልክት በሌለበት መገናኛ ደግሞ ከቀኝ የሚመጣው ያልፋል። ማታ ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው፤ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትም ከሐምሌ 2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተከለከለ ስለሆነ ቅጣቱ ከ100 ዩሮ ይበልጣል። ወንድምሽ እየነዳ ቪዲዮ ልቅረጽ እንዳይል አደራ።

ቆጣቢ (አምስተርዳም)

ሁላችሁም ጥሩ መክራችኋል፤ ሒሳቡን ግን ያሰላው የለም። ለ12 ቀን አንዱ ብስክሌት ብቻ ከ50 ዩሮ በላይ ይወስዳል። በዚያ ገንዘብ እኔ ከሰው እጅ አሮጌ ብስክሌት ገዝቼ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ በ25 እና በ30 ዩሮ የሚሸጥልሽ አታጪም። ልጁ ሲሄድ መልሰሽ ትሸጪዋለሽ ወይም ለራስሽ ታስቀሪዋለሽ። በስምሽ ውል የለ፣ ካርድ የለ፣ የመመለሻ ሰዓት የለ። የሚተርፈውንም ለእናትሽ ትልኪላታለሽ። እኛ እዚህ የመጣነው ቤተሰብ ልንደግፍ እንጂ ለኪራይ ልንከፍል አይደለም።

ነባር ነዋሪ (ሮተርዳም)

ወንድሜ፣ ቁጠባህን አከብራለሁ፤ ይህን ምክር ግን እህታችን እንድትከተለው አልፈልግም። በመንገድ ዳር በ25 ዩሮ የሚሸጥ ብስክሌት በአብዛኛው የሰው ዕንባ ያለበት ነው። በዚህ አገር የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ከዋጋው ማነስ ተነሥቶ መጠርጠር ሲገባው ዝም ብሎ የገዛ ሰው በወንጀል ይጠየቃል። እሷ ደግሞ ፈቃዷን ልታሳድስ ነው፤ ነገ ዜግነት ስትጠይቅም የወንጀል መዝገቧ ይታያል። ለ30 ዩሮ ብሎ ይህን ሁሉ በአደጋ ላይ መጣል ቁጠባ አይባልም። መግዛት የምትፈልግ ከሆነ ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ ትግዛ፣ ከግለሰብ ከሆነም በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ስቶፕሄሊንግ በሚባለው የፖሊስ መተግበሪያ ትፈትሽ።

ቆጣቢ (አምስተርዳም)

የሰረቅሁ አስመሰልከኝ። እኔ ብስክሌቴን የገዛሁት አገሩን ለቆ ከሚሄድ ተማሪ ነው፤ ቁልፉን ከነመለዋወጫው ሰጥቶኛል። ርካሽ ሁሉ የተሰረቀ ነው ማለት ድሃ ሁሉ ሌባ ነው እንደማለት ነው። አንተ ከሠላሳ ዓመት በፊት ገብተህ ቤትህን ሠርተሃል፤ ወር ሳይሞላ ደመወዙ የሚያልቅበትን አዲስ መጪ አታየውም።

እናት (አርንሄም)

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም በቀና ልብ ነው የምትናገሩት፤ ስለ መላክ ከተነሣ ግን እኔም አንድ ነገር ልበል። ለሃያ ሁለት ዓመት በየወሩ ልኬአለሁ፤ አንድም ወር አላጓደልኩም፤ አላዝንበትምም። እናቴ ስታርፍ ግን አብረን የቆየንበትን ቀን ብቆጥር ከሁለት ወር አልበለጠም። ወንድሟ የሚመጣው ለ12 ቀን ነው። ከእሱ ጋር በዛፍ ሥር ጎን ለጎን የምትነዳባት አንዲት ከሰዓት በኋላ በባንክ የምትላክ አይደለችም። ተከራዪለት ልጄ፤ ከክሮመ ራይን ወንዝ ዳር ይዘሽው ወደ አመሊስዌርድ ደን ሂጂ፤ ጥላው ብዙ ነው፣ መኪናም አያስጨንቃችሁም።

የማለዳ ፈረቃ (ሌይደን)

በስልክ ስለሚከፈቱት የጋራ ብስክሌቶችም ማንሳት ያስፈልጋል፤ የወንድምሽ የካርድና የአድራሻ ችግር በእነሱ ይቃለላልና። ልጁ ራሱ በስልኩ ተመዝግቦ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ካለው በራሱ ስም ይወስዳል፤ ኃላፊነቱም የራሱ ይሆናል። ነገር ግን የማቆሚያውን ክልል አጥብቃችሁ ጠብቁ። እኔ ከሌሊት ሥራ ስመለስ ዝናብ ነበርና በካርታው ላይ ካለው መስመር ጥቂት እርምጃ አልፌ ቆለፍኩት፤ ኪራዩ እንደ ቀጠለ ያወቅሁት በማግሥቱ ሂሳቤን ሳይ ነው። ለድርጅቱ ሦስት ጊዜ ጽፌ የተመለሰልኝ ያው አንዱ ደብዳቤ ነበር። ስትቆልፉ ፎቶ አንሡ፤ ኪራዩ ተዘግቷል የሚለውን መልእክት ሳታዩ ከቦታው አትነቃነቁ።

የደሴ ልጅ (ዩትሬክት)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የእናታችንን መልእክት ሥራ ቦታ ላይ አንብቤው ዕንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። ስለ ካርዱ ያለኝ ጥያቄ ተመልሶልኛል፤ ትናንት አገልግሎቱን አስከፍቻለሁ። ጣቢያው ሥር ወዳለው የብስክሌት ማቆሚያም ወርጄ አይቼዋለሁ። 12,500 ብስክሌት የሚይዝ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሙሉ አቅሙ የሚሠራና በዓለም ትልቁ የሚባለው ነው፤ ውስጡ ሦስት ፎቅ ስለሆነና ሰውም እየነዳ ስለሚገባበት ብቻዬን ብሆን እመለስ ነበር። ቀይና አረንጓዴው ቁጥር ባዶ ቦታ ያለበትን መደዳ እንደሚያሳይ የነገረኝ አንድ ሠራተኛ ነው፤ ለ24 ሰዓት ማቆምም በነፃ ነው።

ፍሬኑን የምናለማምድበት ቦታም መርጫለሁ። ማሊባን የሚባለው በዛፍ የታጀበ ረጅም ጎዳና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1885 የዚህ አገር የመጀመሪያው የብስክሌት መንገድ የተሠራው እዚያ እንደሆነ የቋንቋ መምህሬ ነግራኛለች። እሑድ ጠዋት ሰው አይበዛበትም። ከዚያ ከበረታን በዳፍነ ስኪፐርስ ስም የተሠየመውን፣ በትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ተንደርድሮ ቦዩን የሚሻገረውን የብስክሌት ድልድይ ላሳየው አስቤአለሁ። ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ2024 ስለተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይና ስለ ብስክሌት መስመሩ አንድ ወር ሙሉ ስለነገረኝ እኔም የማሳየው ድልድይ ያስፈልገኛል።

ሰው ቢገጭ ስለሚለው ግን አሁንም ልቤ አላረፈም። ለቪዛው የገዛው መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ቢሆንም የሚናገረው ስለ ራሱ ሕክምና ነው፤ በሌላ ሰው ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት አይልም።

ነባር ነዋሪ (ሮተርዳም)

ጥሩ አድርገሽ አንብበሻል። አሁን የራስሽን የተጠያቂነት መድን ውል አውጪ። ብዙዎቹ የቤተሰብ ውሎች ቤትሽ የሚያድር እንግዳን «ሎጄ» ብለው ያካትታሉ፤ አንዳንዶቹ ግን አያካትቱም፤ የግለሰብ ውል ከሆነ ደግሞ አንቺን ብቻ ሊሸፍን ይችላል። በስልክ የሚነግሩሽን አትቀበዪ፤ በጽሑፍ ጠይቂ።

ቆጣቢ (አምስተርዳም)

መድን ለሌላቸውስ ምን ትላለህ? ይህ ሁሉ ምክር ያለው ሰው ምክር ነው። እኔ በብስክሌቴ ማንንም ሳልነካ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ።

ነባር ነዋሪ (ሮተርዳም)

ለሌላቸው የምለው ይግዙ ነው፤ በወር ጥቂት ዩሮ ነው። አንተም ግዛ ወንድሜ፤ ሁለት ዓመት ያልነካህ ሰው ነገ ከመኪና ኋላ ድንገት ሊወጣ ይችላል።

ቆጣቢ (አምስተርዳም)

አስብበታለሁ። ስለ ብስክሌቴ ያልከውን ግን አልተቀበልኩትም። ዛሬ ማታ የብረቱን ቁጥር በፖሊሱ መተግበሪያ አስገብቼ ውጤቱን ፎቶ አንሥቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ሁሉም ይየው።

የደሴ ልጅ (ዩትሬክት)

ለመድን ድርጅቱ በደች ቋንቋ ጽፌ ልኬአለሁ፤ መልስ የሚሰጡት በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ነው ይላል፤ ወንድሜ ግን በሦስተኛው ቀን ነው የሚደርሰው። መልሱ እስኪመጣ ማሊባን ላይ ብቻ እንነዳለን ብዬ ነግሬዋለሁ። «ምን ያህል ይረዝማል?» ብሎ ጠየቀኝ።