ለቅሬያችን (ለዕድራችን) ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ፦ የትልልቆቻችንን ወግ ስለ መቅዳት

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ የተነሳውን ነገር በጽሑፍ አቀርባለሁ ብዬ ነበር፤ ረቂቁ ይኸው። «ቅሬያችን ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ አባላቱን የሕይወት ታሪክ በድምፅ ቀድቶ በመጽሐፍ ያሳትማል። ለዚሁ ሥራ ከመጠባበቂያው 40 ሺህ ብር ይፈቀድ።» ዳኛችን (የቅሬው መሪ) ቅዳሜ ለጉባኤ ያቀርቡታል። የምትጨምሩትም የምትቀንሱትም ካለ እስከ ሐሙስ ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ
እኔ በዚህ ላይ አልፈርምም፤ ከወዲሁ እወቁት። ገንዘቡ የተዋጣው ለድንኳን፣ ለወንበርና ለሐዘንተኛ ነው። ደግሞ መጽሐፍ ሲባል የማን ታሪክ ይቀድማል? የማን ፎቶ ሽፋኑ ላይ ይወጣል? የማን አባት በግማሽ ገጽ ቀረ? ድስት ጠፋ ተብሎ ስድስት ወር የተኳረፍን ሰዎች ነን እኮ! መቅዳቱን አልጠላሁም። ማሳተሙ ግን ይቅር።

ጡረተኛው መምህር
እትዬ ገንዘብ ያዥ ልክ ናቸው። መጽሐፍ አንድ ጊዜ ይታተማል፣ ይመረቃል፣ ከዚያ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። ድምፅ ግን ሌላ ነው። የአባቴን ሳል ዛሬ ብሰማ ከመቶ ገጽ እመርጠው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅሬያችን መዝገብ አለው፤ ማን መቼ እንደሞተ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደተቀጣ ተጽፏል። ሟቹ በሕይወት ሳለ ምን ይል እንደነበር ግን አንድ መስመር የለም። የሰውን ታሪክ በደንብ የምንሰማው ከአልቃሽ ነው። ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሠራ በሙሾ ትደረድረዋለች፤ ባለቤቱ ግን አይሰማትም።

የዘር ቆጠራውንም አስቡት። አባቴ እስከ ሰባት ቤት አስጠንተውኛል። ከእኔ ወደ ላይ አራተኛው ላይ ስሙ ከክርስቲያን ወደ እስላም ይዞራል፤ ስድስተኛው ላይ ተመልሶ ይዞራል። በወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች ክርስትና ተቀበሉ ካሉበት፣ በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ስንቱ ስም እንደተቀየረ ታውቃላችሁ፤ ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤልም ቀድሞ ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ። በየቤቱ በዚያ ሰሞን ምን እንደተባለ፣ ሴቶቹ ምን እንዳሉ ግን በጽሑፍ አታገኙትም። በእናቴ በኩል ደግሞ ከአያቴ ወዲያ አንድ ስም አላውቅም። እናቶችን ካላስቀደምን ግማሹን ዘር እንጥለዋለን።

የኮምቦልቻዋ (ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ ዘግይቼ ስመልስ ይቅርታ፣ ፈረቃ ነው)
እኔ አምና ሞክሬ ወድቄአለሁ፤ ከስህተቴ ተማሩ። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «እማማ፣ የሕይወት ታሪክሽን ንገሪኝ» አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ቀበሌ የቀረበች ይመስል ሙሉ ስሟን፣ የተወለደችበትን፣ የልጆቿን ቁጥር ተናገረች። «በቃ» አለችኝ። አራት ደቂቃ!

ከሳምንት በኋላ ቡና እያፈላች ሳለ አልጋ ስር ስላለው የቆርቆሮ ሣጥን ጠየቅኳት። «ይሄ መቆለፊያው ለምንድን ነው የተሰበረው?» ብቻ ነው ያልኩት። አቦል ላይ ጀምራ በረካ ላይ አልጨረሰችም። በ66ቱ ረሃብ ሣጥኑን በእህል ሊቀይሩ ወደ ሰኞ ገበያ ተሸክመውት ሄደው የሚገዛ አጥተው እንደተመለሱ፣ መንገድ ላይ ማንን እንዳዩ ... ስልኬ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ረቂቁ ላይ «የሕይወት ታሪክ» የሚለው ቃል ይውጣ። ስለ ዕቃ ጠይቁ፤ ስለ ጠባሳ፣ ስለ በር ቁልፍ፣ ስለ ቅጽል ስም ጠይቁ። ዓመት አትጠይቁ። ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ (ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው፣ መምህር እንደነገሩን)፣ ጃንሆይ ሲወርዱ፣ በ77፣ ደርግ ሲወድቅ እያላችሁ እነሱ በሚቆጥሩበት ቁጠሩ። ዓመቱን በኋላ እኛው እናወጣዋለን።

የስልኩ ነገር፦ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ መሃል ላይ ይደወላል። ቡናው ሳይወቀጥ አትጀምሩ፤ ሙቀጫው ሁሉን ይውጠዋል። ሳይጨመቅ በዋቭ (ድምፁን ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ነው)፣ በሞኖ ከተቀዳ አንድ ሰዓት ወደ 318 ሜጋባይት ይይዛል፤ 64 ጊጋባይት ካርድ ከ180 ሰዓት በላይ ይችላል። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ አትላኩት፣ ይጨመቃል። በፋይል መልክ ላኩት።

የሸዋ በሩ
እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቶሎ ይሁን። እናቴ መርሳት ጀምራለች። እኔን በወንድሟ ስም ትጠራኛለች። አጎቴ በ77 በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ከሄዱት አንዱ ነው። ከዚያ አንድ ካሴት ልኮ ነበር፤ ደብዳቤ መጻፍ ስለማይችል ድምፁን። እኔ ልጅ ሳለሁ ዘፈን ቀዳሁበት። የቀረው መጨረሻው ላይ ግማሽ ደቂቃ ነው፤ «እኔ ደህና ነኝ፣ ዝናቡ ብቻ ነው ያስቸገረኝ» ይላል፣ ከዚያ ዘፈኑ ይጀምራል። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቤታችሁ ካሴት ያለ ካለ አናቱ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበሩ፤ ከዚያ ወዲያ በላዩ አይቀዳም። ቴፕ ያለኝ እኔ ነኝ፣ ወደ ኮምፒውተር ማዛወሩን በነፃ እሠራለሁ። ይህም ረቂቁ ውስጥ ይግባ።

ጸሐፊ
አይዞህ ወንድሜ። ይገባል።
ጊዜውን ነሐሴ ብናደርገውስ? ክረምት ነው፣ ሰው ቤት ይውላል።

የኮምቦልቻዋ
ነሐሴ? የደሴ ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ! ዝናቡን ብቻ ቀድተን እንወጣለን። ከመስቀል በኋላ ይሁን።

እማማ (በልጄ ስልክ ነው፣ እኔ እናገራለሁ እሷ ትጽፋለች)
አብሽሩ ልጆቼ፣ ደግ አስባችኋል። ግን ሁሉ አይወጋም። በ2014 ከጥቅምት እስከ ኅዳር መጨረሻ ከተማችን በጦርነቱ ተይዛ ባየናት ወር ማን ማንን ጓዳ እንደደበቀ፣ ማን በር እንደዘጋ እኔ አውቃለሁ። በር የዘጋው ዛሬ ለቅሶዬ ላይ ድንኳን የሚተክል ነው፤ ፈርቶ ነው እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም። ይህን ተናገሪ ብትሉኝ እናገራለሁ፣ ግን እኔ ሳልሞት አይሰማ። የዘር ነገርም አለ። ማን ከማን እንዳልተወለደ የማውቀውን ይዤው እሄዳለሁ፣ ለእሱ አትድከሙ። እጄን ሳነሳ ማሽኑን አጥፉት።

ጡረተኛው መምህር
እማማ የተናገሩት ከእኔ ረጅም ጽሑፍ ይበልጣል። የተቀዳው መጀመሪያ ለባለቤቱ ይሰማ፤ «ይህ ይውጣ» ያሉት ይውጣ። «ከሞቴ በኋላ» ያሉት በታሸገ ፖስታ፣ በተለየ ካርድ ይቀመጥ። ቅጂው ሦስት ቦታ ይሁን፤ አንዱ ከቤተሰቡ፣ አንዱ ከቅሬው ሣጥን፣ አንዱ ከከተማው ውጭ ካለ ዘመድ ዘንድ። በዚያች ወር ስንቱ ቤት ፎቶና ሰነድ እንዳጣ፣ የደሴ ሙዚየምም እንደተዘረፈ አይተናል። ሁሉን አንድ ጣራ ስር ማኖር ይብቃን።

ጸሐፊ
እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦ «ቅሬያችን ፈቃደኛ ከሆኑ ስድስት ቤቶች ጀምሮ፣ እናቶችን በማስቀደም፣ በየቤታቸው በቡና ሰዓት ወጋቸውን ይቀዳል። ባለቤቱ ሳይሰማና ሳይፈቅድ ለማንም አይሰጥም። የቆዩ ካሴቶችና የቅሬው አሮጌ መዝገቦችም ቅጂ ይነሣላቸዋል።» መጽሐፍ የሚለው ወጥቷል። ገንዘቡ ስንት ይሁን?

ገንዘብ ያዥ
ለካርድና ለፖስታ 6 ሺህ ብር፣ በደረሰኝ። በዚህ እፈርማለሁ። ቡናና ስኳር ግን ከቅሬው አይጠበቅ፤ የምትሄዱት ሰው ቤት ነው፣ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ።

ዳኛ
ተስማምቻለሁ፣ ቅዳሜ አቀርበዋለሁ። እኔንም መዝግቡኝ፤ ግን ጥርሴን ላስተክል ቀጠሮ ይዣለሁና መጨረሻ ላይ አድርጉኝ።

እማማ
የእኔን ሐሙስ አድርጉልኝ። ቅዳሜና እሑድ ልጆቼ ቤት ይውላሉ፤ እነሱ ባሉበት አላወራም።