ፐዝል ይቀለኛል፣ ረጅም ጨዋታ ላይ ግን ሬቲንጌ አልነቃነቅ አለ

ነጭ ወታደር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቼዝ እጫወታለሁ፤ የፊዴ (የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን) ሬቲንጌ፣ ማለትም የደረጃ ነጥቤ፣ 1600 አካባቢ ተቸንክሯል። ሊቼስ ድረ ገጽ ላይ ፐዝል (የቼዝ እንቆቅልሽ) ስሠራ 2200 እነካለሁ፣ ብሊትዝም (በጣም ፈጣን ጨዋታ) በብዛት እጫወታለሁ። ውድድር ላይ ግን፣ በ90 ደቂቃ፣ በየእርምጃው ከ30 ሰከንድ ጭማሪ ጋር፣ መክፈቻው ደህና ያልፍና ከ20ኛው እርምጃ በኋላ ነገሩ ይበላሻል። ወይ ሰዓት ያጥረኛል፣ ወይ ጠጠር በነጻ አስበላለሁ፣ ወይ አንድ ወታደር ብልጫ ይዤ አቻ እወጣለሁ። በሳምንት ስድስት ሰባት ሰዓት አለኝ። በምን ላይ ላውለው? አዲስ መክፈቻ ልማር ወይስ ፐዝል ልጨምር?

ሰባተኛ ረድፍ፦
ፐዝል አትጨምር፤ አሠራርህን ቀይር። ፐዝል ሲቀርብልህ “እዚህ አንድ ነገር አለ” ተብሎ አስቀድሞ ተነግሮሃል። ጨዋታ ላይ ይህን የሚነግርህ የለም። ከዚህም በላይ ፐዝል እንድትፈልግ የሚያደርግህ የራስህን ምት ነው፣ የተጋጣሚህን አይደለም። በነጻ የምታስበላው ጠጠር የሚጠፋው በዚህ ክፍተት ነው።

ተጋጣሚህ በተጫወተ ቁጥር ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ይህ ጠጠር አሁን ምን ያስፈራራል? ከተነሳበት ቦታስ ምን መጠበቅ አቆመ? ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጥቁር አጭር ካስሊንግ አድርጓል (ንጉሡን ወደ ጥጉ ወስዶ ሩኩን፣ በቀጥታ የሚሄደውን ጠጠር፣ አጠገቡ አምጥቷል)፣ ፈረሱን ከኤፍ6 ወደ ዲ7 (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል) መለሰው እንበል። ዓይን ወዲያው ዲ7 ላይ ያርፋል፣ ፈረሱ ምንም ስለማያስፈራራም “ሰላም ነው” ብለህ ታልፋለህ። ነገር ግን ኤፍ6 ላይ ሆኖ ኤች7ን፣ ኤች5ን፣ ጂ4ንና ዲ5ን ይጠብቅ ነበር። ቢሾፕህ (በሰያፍ የሚሄደው ጠጠር) ዲ3 ላይ ካለና መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ ኤች7 ላይ ያለችውን ወታደር አሁን የሚጠብቃት ንጉሡ ብቻ ነው፤ ንግሥትህ ኤች5 ላይ ከወጣች ማት ታስፈራራለህ። ይህ ዕድል የተገኘው ፈረሱ ከሄደበት ሳይሆን ከለቀቀው ቦታ ነው። በአንተ ላይ ሲሆንም እንደዚሁ ነው።

የራስህን እርምጃ ከወሰንክ በኋላ ደግሞ፣ እጅህን ከመዘርጋትህ በፊት፣ ያን እርምጃ ተጫውተኸው እንደሆነ አስበህ የተጋጣሚህን ቼኮች (ንጉሥህን የሚያጠቁ እርምጃዎች)፣ ከዚያ ሊበላቸው የሚችላቸውን፣ ከዚያ ማስፈራሪያዎቹን በዚሁ ቅደም ተከተል ቁጠር። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የነካኸውን ጠጠር መጫወት ግዴታህ ስለሆነ ማጣሪያው ከመንካት በፊት ማለቅ አለበት።

ፐዝሉን በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ30 ደቂቃ፣ ከባድ ከባዱን አራት አምስት ብቻ ሥራ። ሙሉውን መስመር፣ የተጋጣሚህን ምርጥ መከላከያ ጨምረህ፣ ወረቀት ላይ ሳትጽፍ መልሱን አትንካ። የመጀመሪያውን እርምጃ በስሜት ጠቅ እያደረጉ የሚገኝ 2200 ውድድር ላይ አይከተልህም። የሳትካቸውን ለብቻ አስቀምጥና በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩ ድገማቸው።

ሰዓት ጠባቂ፦
የሰዓቱን ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከላይ የተባለው ማጣሪያ ሦስት ደቂቃ ለቀረው ሰው አይሠራም።

ስሌቱ ቀላል ነው። 40 እርምጃ ድረስ ጭማሪው ብቻ 20 ደቂቃ ይሆናል፤ በጠቅላላው 110 ደቂቃ አለህ። የምታውቀውን የመጀመሪያ 10 እርምጃ በ10 ደቂቃ ከጨረስክ ለቀሪዎቹ 30 እርምጃዎች 100 ደቂቃ፣ ማለትም በአማካይ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይተርፍሃል። ይህ ብዙ ነው። የሚያልቅብህ እኩል ስለማታከፋፍለው ሳይሆን ያለ ቦታው ስለምታፈሰው ነው። በየአምስት እርምጃው የቀረህን ደቂቃ ከእርምጃው ጎን ጻፍ፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ወረቀቶቹን ደርድረህ ስታይ ሰዓቱ የት እንደሚፈስ ራሱ ይነግርሃል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሰው ሁለት ጸጥ ያሉ እርምጃዎችን በማማረጥ ነው። ሁለቱን አምስት ደቂቃ አስበህ ልዩነት ካላገኘህ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ አንዱን ተጫወትና እለፍ። ረጅሙን ሰዓት ወደ ኋላ ለማይመለስ ውሳኔ አስቀምጥ፦ ወታደር ለመግፋት፣ ንግሥት ለመቀያየር፣ ጠጠር ለመሠዋት፣ ወደ ኢንድጌም (ጥቂት ጠጠር ወደሚቀርበት የጨዋታው መጨረሻ) ለመግባት። በአንድ መንገድ ብቻ መልሰህ የምትበላበት ቦታ ላይ ግን ከማጣሪያው ያለፈ ሰዓት አታቃጥል።

የ30 ሰከንድ ጭማሪ ባለበት ጨዋታ አምስት ደቂቃ ቢቀርህም እርምጃ መመዝገብ አይቆምም። ስለዚህ በመጨረሻው ሰዓት መጻፉም ከ30 ሰከንዱ ይወስዳል። ተጫወት፣ ሰዓቱን በተጫወትክበት እጅ ምታ፣ በተጋጣሚህ ሰዓት ጻፍ። ብሊትዙን ቀንሰህ በ15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ተጫወት፤ ብሊትዝ የመጀመሪያ ሐሳብን ማመን ያስለምዳል፣ ያ ልማድ ነው ውድድር ላይ የሚያስበላህ።

ሩክ ከኋላ፦
አንድ ወታደር ብልጫ ይዘህ አቻ የምትወጣው ኢንድጌም ስለማታውቅ ነው፣ ይህን የሰዓት ምክር አይፈታውም። ከንጉሥና ወታደር ጀምር። ነጭ ንጉሥ ኢ6፣ ወታደር ኢ5፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ8፤ ተራው የነጭ። ንጉሡ ወደ ዲ6፣ ጥቁር ወደ ዲ8፤ ወታደሯ ወደ ኢ6፣ ጥቁር ወደ ኢ8፤ ወታደሯ ወደ ኢ7። እዚህ ላይ ልብ በል፦ ሰባተኛው ረድፍ የገባችው ቼክ ሳትሰጥ ነው። ጥቁር ወደ ኤፍ7 ከመውጣት ሌላ አማራጭ የለውም፣ ነጭ ዲ7 ይይዛል፣ ንግሥት ትወጣለች። አሁን ነጭ ንጉሥ ዲ6፣ ወታደር ኢ6፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ8 ሆኖ ተራው የጥቁር ቢሆንስ? ጥቁር ወደ ዲ8 ይሄዳል፣ ኢ7 በቼክ ይገባል፣ ጥቁር ኢ8 ይመለሳል። ነጭ ወታደሯን ለማዳን ኢ6 ሲይዝ ጥቁር የሚጫወተው ያጣል፣ ቼክም ስላልሆነ አቻ ነው። ያው ቦታ፣ ልዩነቱ ተራ ብቻ። ይህን ሳታውቅ ሩኮችን ቀያይረህ ወደ ወታደር ኢንድጌም መግባት ቁማር ነው።

ቀጥሎ ሁለት የሩክ ቦታ፤ በሁለቱም አንዱ ወገን ሩክና ወታደር፣ ሌላው ሩክ ብቻ አለው። ፊሊዶር መከላከያው ነው፦ ንጉሥህን ወታደሯ ፊት አቁም፣ ሩክህን ከራስህ በኩል ሲቆጠር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያዝ፤ ወታደሯ ወደዚያው ረድፍ በተገፋች ቅጽበት ሩክህ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ከኋላ ቼክ ይደበድባል። የአጥቂው ንጉሥ መጠለያው ራሷ ወታደሯ ነበረች፣ ተገፍታ አለፈችው። ሉሴና ደግሞ የማሸነፊያው ነው፣ ሩክህን አራተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጠህ ለንጉሥህ የቼክ ጋሻ ትሠራለታለህ። ሁለቱንም ከኢንጂን (ቼዝ ከሚጫወት ፕሮግራም) ጋር በሁለቱም በኩል ሆነህ ሳታስብ እስክትጫወታቸው ድረስ ድገም።

ብልጫ ሲኖርህ ጠጠር ቀያይር፣ ወታደር አትቀያይር። ተቃራኒ ቀለም ያላቸው ቢሾፖች ብቻ ሲቀሩ ግን ብልጫህ ይሟሟል። ቢሾፕህ የማንገሻውን ካሬ ቀለም የማይቆጣጠር ከሆነና የቀረችህ የኤች ወታደር ብቻ ከሆነች፣ የተጋጣሚህ ንጉሥ ኤች8 ከደረሰ ሙሉ ቢሾፕ በልጠህም አቻ ነህ።

ነጭ ወታደር፦
አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ተፈታልኝ። የቀረኝ ይኸው፦ ጨዋታዬን ኢንጂን ውስጥ ከትቼ ቀይ ምልክቶቹን አያለሁ፣ ግን የሚቀረኝ ነገር የለም። መክፈቻስ ጨርሶ ልተወው? ደግሞ ውድድር ላይ ከሚበልጡኝ ጋር የሚያጫውት ምድብ ይሻላል ወይስ የራሴ?

ሰባተኛ ረድፍ፦
ኢንጂን ከመክፈትህ በፊት ጨዋታውን ብቻህን ሂድበት፣ ቢቻል በዚያው ቀን። ያሰብካቸውን መስመሮች፣ የፈራኸውን፣ ማን የተሻለ ነው ብለህ እንደገመትክ በየእርምጃው ጻፍ። ከዚያ ኢንጂኑን ክፈትና ግምትህ ከሱ ግምት የተራራቀበትን ቦታ ብቻ ፈልግ። ኢንጂኑ ብልጫን በወታደር ልክ ይቆጥራል፤ ከ0.8 ወደ 0.4 መውረድ በዚህ ደረጃ ጉዳይህ አይደለም፤ ከ1.5 በላይ የዘለለውን ያዝ። ኢንጂኑ ስቶክፊሽ “ይህ ይሻላል” ሲልህ አትመነው፦ የራስህን እርምጃ ተጫወትና እሱ እንዲቀጣህ አድርግ። ምክንያቱ የሚታየው ያኔ ነው። እያንዳንዱን ስህተት በአንድ መስመር መዝግብ፦ የተጋጣሚን ማስፈራሪያ አላየሁም፣ ስሌቱን አንድ እርምጃ ቀድሜ አቆምኩ፣ ዕቅድ አልነበረኝም፣ ሰዓት አጠረኝ። ከአሥር ጨዋታ በኋላ ከሁሉ የሚደጋገመው የቀጣዩ ወር ሥራህ ነው።

መክፈቻ አትቀይር። ከያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ከምታውቀው የወጣህበትን እርምጃ ፈልግና ያችን አንዲቷን ጨምር። ከመስመሩ ይልቅ የሚመጣውን የወታደር አቀማመጥ አጥና። በኩዊንስ ጋምቢት ኤክስቼንጅ መክፈቻ ለምሳሌ ነጭ የቢ ወታደሩን እስከ ቢ5 ገፍቶ ሲ6 ላይ ደካማ ወታደር ሊፈጥር ይሠራል፣ ጥቁር ፈረሱን ኢ4 ላይ ተክሎ በንጉሡ በኩል ይመጣል። ይህን ካወቅክ 12ኛው እርምጃ ላይ “አሁን ምን ላድርግ” እያልክ 15 ደቂቃ አታቃጥልም።

ሰዓት ጠባቂ፦
ምድቡን በተመለከተ፣ ከ30 በላይ የተመዘገበ ጨዋታ ያለህ አዋቂ ከሆንክ ኬ ፋክተርህ (ሬቲንግህ ከአንድ ጨዋታ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚወስነው ቁጥር) 20 ነው። 200 ነጥብ ከሚበልጥህ ሰው ጋር የሚጠበቅብህ ውጤት (ማሸነፍ 1፣ አቻ 0.5 ሆኖ) 0.24 ስለሆነ ብትሸነፍ 4.8 ነጥብ ታጣለህ፣ ብታሸንፍ 15.2 ታገኛለህ፣ አቻ ብትወጣ እንኳ 5.2 ትጨምራለህ። በራስህ ምድብ 200 ከሚያንስህ ጋር ስሌቱ ይገለበጣል። ስለዚህ ከ100 እስከ 200 የሚበልጡህ ያሉበትን ምረጥ። 400 የሚበልጡህ ጋ ግን አትቸኩል፤ በመክፈቻው ስለሚያልቅ ኢንድጌምህን የምትፈትንበት ዕድል አታገኝም።