ከጣና የሚነሳው ግጥም

እህቴ፣ ሰላም ነሽ? ልጅሽ ማንቸስተር ትምህርት ቤት ስለተሰጣት ግጥም የጻፍሽውን አነበብኩት። «የሚያሳፍር ነገር አለበት፣ ለአስተማሪዋ ደብዳቤ ልጻፍ ወይ?» ብለሻል። እኔ እዚሁ ሐዋሳ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ግጥሙንም አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁም። እባክሽ ደብዳቤውን አቆዪው። መጀመሪያ ከልጅሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

«በወይዘሮ ቲልሸር ክፍል» ይባላል፣ የካሮል አን ደፊ ነው። ደፊ እ.ኤ.አ. በ1955 ግላስጎው ተወለደች። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ቤተሰቧ ጠቅልሎ ስታፎርድ ገባ። ከ2009 እስከ 2019 የብሪታንያ ባለቅኔ ሎሬት ነበረች፤ ማዕረጉን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ግጥሙ የወጣው በ1990 ነው፣ «ሌላው አገር» በሚል መድብሏ ውስጥ። ሁሉም ተደምሮ 30 መስመር ነው።

በምን እንደሚጀምር ግን አስተውለሻል? በዓባይ! በግጥሙ ውስጥ ያለችው ልጅ ካርታ ላይ ዓባይን በጣቷ እየተከተለች ትጓዛለች። መምህሯ እንደ ዜማ ስም ትጠራለች፦ ጣና፣ ኢትዮጵያ፣ ካርቱም፣ አስዋን። መጀመሪያ ሳነበው ደረቴ ሞቀ። ደግሞ እዩልኝ፣ ግጥሙ ጉዞውን «ሽቅብ» ይለዋል፤ ስሞቹ የተደረደሩት ግን ከውሃው ጋር ቁልቁል ነው። ካርታ ላይ ሰሜን ከላይ ስለሆነ የልጅቷ ጣት ይወጣል፣ ውሃው ይወርዳል። ልጅሽ ይህን ክፍል ውስጥ ብትናገር ኮርታ ነው የምትመለሰው። አገሯ እዚያ ገጽ ላይ አለ።

ከዚያ ጠመኔው፣ ወተቱ፣ ደወል ይዞ የሚሮጠው ልጅ፣ ከስም አጠገብ የሚለጠፈው ወርቃማ ኮከብ ይመጣል። ክፍሉ ከቤት ይበልጥ ደስ ይላል። መምህሯ ትወዳታለች።

በዚህ መሃል ሁለት ስሞች ብቅ ይላሉ፣ ብሬዲ እና ሂንድሊ። ምናልባት አልፈሻቸው ይሆናል። ከ1963 እስከ 1965 እናንተ በምትኖሩበት በማንቸስተር ዙሪያ ልጆችንና ወጣቶችን የገደሉ ወንድና ሴት ናቸው። ደፊ ስለ ግድያው ምንም አትዘረዝርም። ተላጲስ በደንብ እንዳላጠፋው ስህተት ወረቀቱ ላይ ትተዋቸዋለች። የውጭው ዓለም ክፋት ክፍሉ ውስጥ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። ልጅሽ እነዚህን ስሞች ኢንተርኔት ላይ ብቻዋን ከመፈለጓ በፊት አንቺ ብትነግሪያት ይሻላል።

ጸደይ ሲመጣ የእንቁራሪት ልጆች ከኮማ ወደ ቃለ አጋኖ ይለወጣሉ። የእኛ ሐይቅ ዳር፣ ቄጠማው ውስጥ፣ ጭራቸው እየጠፋ ሲሄድ ያየ ልጅ ይህችን መስመር ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። ከዚያ አንድ አስቸጋሪ ልጅ እንዴት እንደተወለደች ይነግራታል። በእርግጫ ትለዋለች። ቤቷ ገብታ ግን አባትና እናቷ ላይ በድንጋጤ ታፈጣለች። አንድ ቃል አትጠይቃቸውም። በኋላ መምህሯን ትጠይቃለች። ያቺ የምትወዳት መምህር ፈገግ ትላለች፣ ከዚያ ፊቷን ታዞራለች።

የግጥሙ ልብ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ልጅቷን የጎዳት የሰማችው ነገር አይመስለኝም። ሰምታ ስትመጣ የሚያናግራት ትልቅ ሰው ማጣቷ ነው። እኛ ደግሞ ይህን በደንብ እናውቀዋለን። «እኔን ከየት አመጣችሁኝ?» ስንል «ከሆስፒታል ገዛንሽ» ተብለን ያደግን ነን። የቀረውን ከጓደኛ ሰማን፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ፣ እየሳቅንና እየፈራን። የዛሬ ተማሪዎቼ ከስልክ ይሰሙታል።

እናንተ ጋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ልጅሽ ስለ ሰውነቷ የሚያስፈልጋትን ቃል ሁሉ ከትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ አግኝታለች። ከአንቺ በአማርኛ የሰማችው «ነውር ነው» የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ የሚያስጨንቃት ነገር የመጣ ቀን ለአንቺ የምትናገርበት ቋንቋ አይኖራትም። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ደፊ መጨረሻው ላይ ሰማዩን የገለጸችበት «ሴክሲ» የሚለው ቃል እንዳስደነገጠሽ ይገባኛል፣ እናት ነሽ። ግን ልጅሽ ቃሉን ቀድማ ታውቀዋለች። አሁን የምትጠብቀው የአንቺን ፊት ነው። ሳትቆጪ፣ «እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ ነበር የሰማሁት» ብለሽ ጀምሪላት። ቀሪውን እሷ ትጠይቅሻለች።

የግጥሙ መጨረሻ የፈረንጆቹ ጁላይ ሙቀት ነው። ሰርተፊኬት ይታደላል፣ ልጅቷ ለማደግ ቸኩላ ከበሩ ትሮጣለች፣ ሰማዩ በነጎድጓድ ይሰነጠቃል። ይህማ የእኛ ሰኔ 30 ነው! ቀኑ ራሱ ጁላይ 7 ላይ ይውላል። ካርድ ተቀብለን፣ «ስንተኛ ወጣሽ?» ተባብለን፣ ዓመቱን ሙሉ «ሰኔ 30 እንገናኝ» ሲባባሉ የከረሙት ከበር ውጭ ሲፈላለጉ፣ የክረምቱ ዝናብ ሐይቁን ተሻግሮ ሲደርስብን። ዘንድሮም ተማሪዎቼን የምሸኘው እንዲሁ ነው። ልጅሽ ለፈተናው ስለ መጨረሻው ክፍል መጻፍ ካለባት ይህን ታውቀው። እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ በቪዲዮ ደውሉልኝና የሰኔ 30ን ነገር እኔው ልንገራት።